ፊደል ሰጥቶ ቃል መቀበል፦ በፊደል ቃል የሚፈልጉ ድረ ገጾች ምን ያህል ይረዳሉ?

የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላቸው የሚፈልጉ ድረ ገጾች በጣም በዝተዋል። ፊደል ትሰጧቸዋላችሁ፣ ቃል ይሰጧችኋል። በእነዚህ ሁለት ፊደላት የሚጀምር፣ በእነዚያ ሦስት የሚያልቅ፣ መሃሉ ላይ ኤክስ ያለበት፣ አምስት ፊደል ብቻ የሆነ፣ ብቻ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ ከነትርጉሙ ይደረደርላችኋል። የቃል ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ለማሸነፍ ይገቡባቸዋል። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ቃል ለመሸምደድ፣ መምህራን ደግሞ መልመጃ ለማዘጋጀት። እኔ ዋና ጉዳዬ መማር ስለሆነ የምመዝናቸውም በዚያ ዓይን ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ግን ጥሩነቱ በምትጠይቁት ፊደል ላይ ይወሰናል። በእንግሊዝኛ አንዳንድ ፊደላት አብረው የሚገኙት በምክንያት ነው። ወይ የጋራ ትርጉም አላቸው፣ ወይ የጋራ ታሪክ አላቸው፣ ወይ የጋራ የአጻጻፍ ሕግ አላቸው። እነዚህን ስትጠይቁ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ይገባችኋል። እንዲሁ በደፈናው «በቢ የሚጀምሩ ቃላት» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ሺህ ቃል ይዘረገፍላችኋል፣ ነገ ጠዋት አንዱም አብሯችሁ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ አዘውትሬ የምከፍተው ዋንሉክን ነው። ነፃ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ መፈለጊያ ሳጥኑም ቀላል ነው። የሚለየው ምልክቶችን ስለሚቀበል ነው። የኮከብ ምልክት ካስገባችሁ «እዚህ ቦታ ላይ የፈለገው ያህል ፊደል ይግባ» ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት ደግሞ አንድን ፊደል ብቻ ይተካል። ስለዚህ መጀመሪያውን ጽፋችሁ ኮከብ ብታስከትሉ በዚያ የሚጀምሩትን ያመጣል፣ ኮከቡን ከፊት አድርጋችሁ መጨረሻውን ብትጽፉ በዚያ የሚያልቁትን። ስንት ፊደል እንደሆነ ካወቃችሁ በማታውቋቸው ቦታዎች ልክ የጥያቄ ምልክት መደርደር ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ኮለኑ ነው፣ ያ ባለ ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛ ምልክት። ከፊደላቱ ቀጥሎ ኮለን አድርጋችሁ አንድ ሐሳብ ትጽፋላችሁ፤ በዚያ ፊደል የሚጀምሩ፣ ትርጉማቸውም ከዚያ ሐሳብ ጋር የሚገናኝ ቃላትን ይለቅምላችኋል። ፊደልንና ትርጉምን በአንድ ጥያቄ መጠየቅ ማለት ነው። ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

እስቲ አንድ አብረን እንሞክር። ጂ እና ኤልን ጻፉ፣ ኮከብ ጨምሩ፣ ኮለን አድርጉና ብርሃን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስከትሉ። ግሎው ይመጣል፤ ፍም እንደሚሰጠው ያለ ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው። ግሊተር ይመጣል፤ ብልጭ ድርግም ማለት። ግሊስን እርጥብ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት የሚያሳየው ማብረቅረቅ ነው፤ መሃሉ ላይ ቲ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። ግሊመር ደከም ያለ፣ የሚርገበገብ ብርሃን ነው፣ ለዚህም ነው «ትንሽ ተስፋ» ለማለት የሚያገለግለው። ግሌር ዓይን የሚወጋ ብርሃን ነው፣ ሰው ላይ በቁጣ ማፍጠጥም ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ከብርሃን ወደ ማየት ይሻገራል። ግላንስ ገርመም ማድረግ፣ ግሊምፕስ ደግሞ በጨረፍታ ማየት ነው።

ሁሉም በጂ እና ኤል ይጀምራሉ፣ ሁሉም ስለ ብርሃን ወይም ስለ ዓይን ናቸው። የሥነ ልሳን ሰዎች ይህን ዓይነቱን የድምፅና የትርጉም ቁርኝት ፎነስቲም ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ ነው፣ በ1930 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሕግ አይደለም፣ ዝንባሌ ነው። ግላቭ ጓንት ነው፣ ግሉ ማጣበቂያ ነው፤ ሁለቱም ከብርሃን ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ኮለኑ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ጓንትና ማጣበቂያውን ወደ ጎን ትቶ ቤተሰቡን ብቻ ያሰባስብላችኋል።

ኤስ እና ኤንንም ሞክሯቸው፣ ከኮለኑ በኋላ አፍንጫ ብላችሁ። ስኖር ማንኮራፋት፣ ስኒዝ ማስነጠስ፣ ስኒፍ አየር ሳብ አድርጎ ማሽተት፣ ስኖት ንፍጥ፣ ስናውት የእንስሳ አፍንጫ። ስኒር በንቀት ማላገጥ ነው፣ ፊት ላይ የሚታየውም አፍንጫና ከንፈር አካባቢ ነው። እባብና በረዶም በእነዚሁ ፊደላት ይጀምራሉ፣ እነሱ ግን የዚህ ቤት ልጆች አይደሉም።

ደብሊው እና አር ደግሞ የኔ ተወዳጆች ናቸው። ብዙ ተማሪ የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደብሊውው አይነበብም በሚለው። ቃላቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ሪስት የእጅ አንጓ ነው፣ እጅ የሚዞርበት ቦታ። ሪንግ የታጠበ ልብስን ጠምዝዞ መጭመቅ ነው። ሬንች ብሎን የምናዞርበት መፍቻ ነው፣ በኃይል ጠምዝዞ መንጠቅም ይሆናል። ሪንክል የቆዳ ወይም የጨርቅ መጨማደድ ነው። ሪዝ የአበባ ጉንጉን፣ ራይዝ በሕመም መጠማዘዝ፣ ሬስል ትግል መግጠም። ሁሉም ውስጥ መጠምዘዝ አለ። አንዴ ይህን ካያችሁ በኋላ ደብሊውውን መርሳት ያስቸግራል፣ ምክንያቱም አሁን የመጠምዘዝ ምልክት ሆኗል። ራይት፣ ማለትም መጻፍ፣ ከዚህ ወጣ ይላል። የጥንት ትርጉሙ መጫር፣ መቧጨር ነበር።

እስካሁን ያመሰገንኩት ቤተሰቦቹን ነው። አሁን ወደ ተራዎቹ የቃል ዝርዝር ገጾች ልምጣ፣ ስም ሳልጠራ። ብዙዎቹ አንዱ ከሌላው የተገለበጡ ይመስላሉ። ፊደል ትመርጣላችሁ፣ ረጅም ሰንጠረዥ ይከፈታል፣ በስተቀኝ በኩል ከአንድ እስከ ሦስት ቃል የሆነች ትርጉም ትቀመጣለች። በመሃል ማስታወቂያ። ትንሽ ወረድ ስትሉ ደግሞ ማስታወቂያ።

ማስታወቂያውስ ይሁን፣ ነፃ ነገር ነው። የማልቀበለው ትርጉሙን ነው። አንድ ገጽ ላይ ሴት የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል (ኤስ፣ ኢ፣ ቲ) «ማስቀመጥ» በሚል አንድ ፍቺ ብቻ አልፎት አየሁ። በ1989 የታተመው ሁለተኛው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ለዚህ ቃል ከ400 በላይ ፍቺዎች ሰጥቶታል። የፀሐይ መጥለቅ ነው፣ የሲሚንቶ መድረቅ ነው፣ ሰዓት ማስተካከል ነው፣ ጠረጴዛ ማሰናዳት ነው፣ አንድ ወጥ የዕቃ ስብስብ ነው፣ የቴኒስ ጨዋታ ክፍል ነው። 400ውን ይጻፉ አላልኩም። ግን አንዷን ጽፎ «ትርጉሙ ይህ ነው» ማለት ተማሪን ማሳሳት ነው፣ በተለይ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሳይኖር።

ሁለተኛው ችግር ምርጫ አለመኖሩ ነው። ዝርዝሮቹ የተሠሩት ስክራብልን፣ ማለትም ፊደል ገጣጥሞ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚሰበሰብበትን ጨዋታ፣ ለሚጫወት ሰው ነው፣ ስለዚህ ለጨዋታ የተፈቀደ ቃል ሁሉ ይገባል። ዩ ሳይከተለው ኪው ያለበትን ቃል ጠይቁ፤ አብዛኛው እንግሊዛዊ ዕድሜ ልኩን የማይጠቀምበት ነገር ይመጣላችኋል። ለተጫዋቹ ይህ ወርቅ ነው፣ ኪው በስክራብል 10 ነጥብ ነውና። ለተማሪው ግን ጊዜ ማባከን ነው። ጆሽ ዋርድል በ2021 ዎርድልን፣ ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚገመትበትን ጨዋታ፣ ለሕዝብ ሲያወጣ ይህን ችግር በደንብ ገብቶት ነበር። በእንግሊዝኛ ባለ አምስት ፊደል ቃላት 12 ሺህ ገደማ ነበሩ። የትዳር አጋሩ አንድ በአንድ እያየች የምታውቃቸውንና የማታውቃቸውን ለየችለት፣ ለመልስነት የቀሩትም 2,500 አካባቢ ሆኑ። ጨዋታውን ሰው ሁሉ የወደደው መልሱ ሁልጊዜ የሚያውቀው ቃል ስለሆነ ይመስለኛል። የቃል ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ይህን ያህል እንኳን ቢደክሙ ምን ነበረበት!

በዚህ በኩል ዋንሉክ ይሻላል፣ በትርጉም ስትፈልጉ በብዛት የሚታወቁት ቃላት ቀድመው እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል። ቃሉን ስትጫኑትም አጭር ፍቺ ያሳያችሁና ወደ ብዙ መዛግብተ ቃላት ይመራችኋል። ፍቺው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለጀማሪ ይህ ይከብዳል፣ አንዱን ቃል ለመረዳት ሌሎች ሦስት መፈለግ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር መደባለቅ ነው። ተመሳሳይ ፊደል ያላቸውን ቃላት በአንድ ቁጭታ ማጥናት ሁልጊዜ አይጠቅምም። ባትያ ላውፈር የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ ይህን አጥንታ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ ቃላትን ሲንፎርም ብላ ሰይማቸዋለች፤ ተማሪዎች አንዱን በሌላው የሚተኩባቸው ቃላት ናቸው። አዳፕት እና አዶፕትን ውሰዱ። የመጀመሪያው ራስን ከሁኔታ ጋር ማስማማት ነው፣ ሁለተኛው እንደ ጉዲፈቻ ልጅ ወይም እንደ አዲስ አሠራር ተቀብሎ የራስ ማድረግ። ልዩነታቸው አንድ ፊደል ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አዲስ ሆነው ያጠናቸው ተማሪ፣ ከወር በኋላ «አንደኛው ማስማማት ነበር፣ ግን የቱ?» ይላል። ከዚህ የባሰም አለ። ኳይት እና ኳየት ፊደላቸው ጭራሽ አንድ ነው፣ ተገለባብጦ ነው እንጂ። አንዱ «በጣም» ወይም «በመጠኑ» ነው፣ ሌላው «ጸጥ ያለ»። ፊደል አዟዙሮ ቃል የሚያወጣ ድረ ገጽ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፣ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም።

የምመክረው መላ ቀላል ነው። አንዱን ዛሬ አጥኑት፣ በዓረፍተ ነገር ተጠቀሙበት፣ ሥር ይስደድ። ሌላውን ከዚያ በኋላ አምጡት። ቤተሰብ የሆኑትን፣ ማለትም ትርጉማቸው የሚያያዘውን፣ አንድ ላይ ማየት ጥሩ ነው። እዚያም ቢሆን ቢያንስ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቀድማችሁ የምታውቋቸው ቢሆኑ ይመረጣል።

አጻጻፍ ለሚያስቸግረው ሰው ግን እነዚህ ድረ ገጾች ወደር የላቸውም። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሲድ ብለው የሚያልቁ ግሦች መጻፍ ላይ ብዙ ሰው ያምታታሉ፣ ተወላጆቹንም ጭምር። ኮከብ ከፊት አድርጋችሁ ሲ፣ ሁለት ኢ፣ ዲ ብላችሁ ጠይቁ። የምትፈልጓቸው ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኤክሲድ መብለጥ፣ ፕሮሲድ መቀጠል፣ ሳክሲድ መሳካት ወይም ተከትሎ ቦታ መውሰድ። አሁን ሁለቱን ኢዎች ለያይታችሁ፣ አንዱን ከዲ በኋላ አድርጋችሁ ጠይቁ። ፕሪሲድ መቅደም፣ ሪሲድ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ኮንሲድ ሳይወዱ አምኖ መቀበል፣ ሲሲድ መገንጠል፣ ኢንተርሲድ ማማለድ። ቀሪው ሱፐርሲድ ነው፣ አንድን አሮጌ ነገር ሽሮ በቦታው መተካት። እሱ ብቻውን በሲ ሳይሆን በኤስ ይጻፋል። ምክንያት አለው፤ ሌሎቹ መሄድ ከሚለው የላቲን ግሥ የመጡ ናቸው፣ ሱፐርሲድ ግን መቀመጥ ከሚለው። ከላዩ ተቀመጠበት እንደማለት። ይህን ሁሉ ከአንድ የሰዋስው መጽሐፍ ምዕራፍ ይልቅ በሁለት ፍለጋ ታዩታላችሁ።

የማይነበቡ ፊደላትም እንዲሁ። የኛ ፊደል እንደተጻፈ ስለሚነበብ ዝም የሚል ፊደል መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል። ኬ እና ኤን ብላችሁ ፈልጉ፦ ኒ ጉልበት፣ ናይፍ ቢላ፣ ኖት ቋጠሮ፣ ኖክ ማንኳኳት፣ ኒል መንበርከክ፣ ኖው ማወቅ። ኬው ዱሮ ይነበብ ነበር። አነባበቡ ሲለወጥ አጻጻፉ ባለበት ቀረ። ከዚያ በኤም እና ኤን የሚያልቁትን ፈልጉ። ኮለም ዓምድ፣ ኦተም ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ ሂም መዝሙር፣ ሶለም ክብደት ያለው፣ ከንዴም ማውገዝ። ኤኑ አይሰማም። ግን ቃሉን ስታረዝሙት ይመለሳል፦ ኦተምናል፣ ሶለምኒቲ፣ ከንዴምኔሽን። ስለዚህ ኤኑ የሞተ አይደለም። አጭሩን ቃል ስትጽፉ ረጅሙን በልባችሁ በሉት፣ ፊደሉን አትስቱትም።

መጨረሻ ላይ ያለው ቢ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ቦም ስትረዝም ቦምባርድ ትሆናለች፣ ቢው ይሰማል። ታም፣ ማለትም አውራ ጣት፣ ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ቢ አልነበረውም። ሰዎች ኋላ የጨመሩት ነው። እንዲህ ያለውን የትኛውም የቃል ዝርዝር አይነግራችሁም፣ ዝርዝሩን ይዛችሁ የቃላት ታሪክ ወዳለበት መዝገበ ቃላት መሄድ ያስፈልጋል። መሄዱ ያዋጣል።

ድረ ገጾቹ ጨርሶ የማይረዱበት ቦታ ድምፅ ነው። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች አራቱን ይዘው የሚያልቁትን ጠይቁ። ታፍ ይመጣል፣ ጠንካራ። ዞው ይመጣል፣ ምንም እንኳ። ስሩ ይመጣል፣ በ... ውስጥ አልፎ። ኮፍ ይመጣል፣ ሳል። ባው ይመጣል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። አራት ፊደል፣ አምስት አነባበብ። ሰንጠረዡ ላይ ግን ሁሉም አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ገጾች የድምፅ ቁልፍ የላቸውም። ተማሪው ታፍ ማለትን ያውቃል እንበል፤ ዞውንም «ዞፍ» ብሎ ቢያነበው ማን ይፈርድበታል?

በዚህ መሃል አንድ ጨዋታ ላንሳ። በጂ፣ አር እና ዋይ የሚያልቁ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፣ ሁለቱ አንግሪ እና ሀንግሪ ናቸው፣ ሦስተኛው ማን ነው የሚል እንቆቅልሽ ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። የተናደደ፣ የራበው፣ ሦስተኛስ? ስንቱ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ አድሯል! ዛሬ ኮከብ አድርጎ ሦስቱን ፊደላት መጻፍ ነው። ብዙ ውጤት ሊመጣ ይችላል፣ የከሰሙና የተጣመሩ ቃላት፣ ግን ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ሦስተኛ ቃል የለም። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለቃል ጨዋታ የምትፈልጉት ከሆነ ማንኛውም ገጽ ይበቃል፣ ማስታወቂያው ያነሰውን ምረጡ። አጻጻፍ ለምታስተምሩ መምህራን ዋንሉክን በሙሉ ልብ እመክራለሁ፤ ለመልመጃ የሚሆን የቃል ስብስብ በደቂቃ ውስጥ ታገኛላችሁ። ቃል ለማጥናት ለምትፈልጉ ግን ብቻውን አይበቃም፣ አጠገቡ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በነፃ ይገኛል፣ ድምፅ አለው፣ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለው፣ ዋና ዋና ቃላት ላይም በየትኛው የቋንቋ ችሎታ ደረጃ እንደሚመደቡ ምልክት ያደርጋል። ከዝርዝሩ የወጣ ቃል እዚያ ምልክት ከሌለው ለጊዜው ተዉት። ለዩኒቨርሲቲ ንባብ የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፤ 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። በፊደል ያገኛችሁትን ቃል ከዚያ ጋር ብታመሳክሩ የትኛው ላይ መድከም እንዳለባችሁ ወዲያው ይለያል።

መጀመሪያ ምን እንፈልግ ለምትሉ፣ በደብሊው እና አር ጀምሩ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹን በእጅ እንቅስቃሴ ማሳየት ይቻላል፣ ለልጆችም ጥሩ ነው። ቀጥሎ ጂ እና ኤልን ከነኮለኑ። የኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤችን ነገር ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ሳይከፈት አትንኩት።